ልጆቹ ጣሊያንኛውን እንዳይረሱ፦ ከጣሊያን ውጭ የጣሊያንኛ የልጆች ቴሌቪዥን እንዴት ይገኛል?

ሶስና ዘፍራንክፈርት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቦሎኛ ወደ ፍራንክፈርት የተዛወርን ቤተሰብ ነን። ሁለቱም ልጆች ጣሊያን ነው የተወለዱት፤ ትንሿ 4 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 8። ቤት ውስጥ የምናወራው አማርኛ ነው፣ ጣሊያንኛውን ያመጡት ከመዋዕለ ሕፃናትና ከትምህርት ቤት ነበር። አሁን ያ ምንጭ ሲቋረጥ ጀርመንኛው በፍጥነት ቦታውን እየያዘ ነው። ትልቁ በጣሊያንኛ ሲያናግሩት ይገባዋል፣ የሚመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው።

የጣሊያኑ ጣቢያ የራይ የልጆች ቻናል የሆነውን ራይ ዮዮን በቀጥታ ልክፈት ስል ባላችሁበት አገር አይታይም ይላል። ኔትፍሊክስ ላይ ለካርቱኖቹ የሚወጣው ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ዲሽ ማስተከል ያዋጣል? በሕጋዊ መንገድ ከኢንተርኔት ምን ይገኛል? ለሁለቱ ዕድሜ የትኛው ዝግጅት ይሻላል? ደግሞስ እኔና ባለቤቴ ቤት ውስጥ ጣሊያንኛ ማውራት እንጀምር?

ዲሽ አስተካካዩ

እህቴ፣ ለልጆች ቻናል ብቻ ከሆነ ዲሹ ይቅርባችሁ። ሻጩ ምክንያቱን ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ።

ጀርመን ውስጥ ጣራ ላይ የምታዪው ዲሽ አብዛኛው የዞረው ወደ አስትራ ነው፣ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ። የጣሊያን ቻናሎች ያሉት ሆትበርድ ላይ ነው፣ 13 ዲግሪ ምሥራቅ። ከፍራንክፈርት ስታዪው ሆትበርድ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ከአድማስ ያለው ከፍታ 32 ዲግሪ ግድም ነው። በረንዳችሁ ወደ ሰሜን የዞረ ከሆነ፣ ወይም በዚያ አቅጣጫ ረጅም ዛፍ ወይም ፎቅ ከቆመ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ቦታው ክፍት ከሆነ ባለ 80 ሴንቲ ሜትር ዲሽ ይበቃል። ሁለቱንም ሳተላይት በአንድ ዲሽ ለማየት ሞኖብሎክ የሚባል ሁለት ራስ ያለው ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ቆሞ ሥርጭቱን የሚቀበለው ዕቃ) አለ። ባለ 6 ዲግሪውን ጠይቁ፤ ባለ 4.3 ዲግሪው ለሌላ የሳተላይት ጥንድ የተሠራ ስለሆነ አይሆንም። ሪሲቨሩ ላይ ዳይሴክ የሚለው ቦታ ገብታችሁ አንዱን ሳተላይት ኤ፣ ሌላውን ቢ ትሉታላችሁ። ስካኑ ምንም ቻናል ካላመጣ ብዙ ጊዜ ኤ እና ቢ ተገላብጠው ነው፤ ዲሹን ከመነካካታችሁ በፊት እነሱን አቀያይሩ። ሪሲቨሩ ዲቪቢ ኤስ 2 የሚቀበል ይሁን፣ አሮጌው ዓይነት የኤችዲ ቻናሎችን አያነብም።

ይሄ ሁሉ ተሠርቶም ዋናው ችግር አይፈታም። ራይ የውጭ ካርቱን ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ለጣሊያን ግዛት ብቻ ነው። ሳተላይቱ ግን አውሮፓን በሙሉ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ሥርጭቱን ይቆልፉታል። የቻናሉ ስም በስካን ይመጣል፣ ምስሉ ግን ካርድ ይጠይቃል። ካርዱ ቲቩሳት ከሚባለው ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሚሠራው የጣሊያን ነፃ የሳተላይት አገልግሎት የሚሰጥ ነው፣ የተፈቀደውም እዚያው ጣሊያን ለሚኖር ሰው ነው። ውጭ አገር በእጥፍ ዋጋ የሚሸጡ አሉ፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት፣ ካርዱ አንድ ቀን ቢዘጋ የምትከሱት ሰው የለም።

ለዜናውም ለሌላውም ብላችሁ ዲሹን ከፈለጋችሁት ከመብሳታችሁ በፊት አከራዩን በጽሑፍ አስፈቅዱ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1994 የውጭ ዜጋ ተከራይ የአገሩን ቻናል የማየት ፍላጎት ከአከራዩ የንብረት መብት ጋር መመዘን አለበት ብሏል። ይሁንና ቻናሎቹ በኬብል ወይም በኢንተርኔት የሚገኙ ከሆነ ዳኞች ብዙ ጊዜ ለአከራዩ ያደላሉ።

ኃይሌ ዘሚላኖ

ኢንተርኔቱን እኔ ልመልስ። ያየሽው መልእክት የመጣው ወንድማችን ካነሳው የመብት ጉዳይ ነው። የቀጥታ ሥርጭቱ ተዘጋ ማለት ግን የራይፕሌይ (የራይ የኢንተርኔት አገልግሎት) ማኅደር በሙሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ራይ ራሱ ያዘጋጃቸው ወይም መብታቸውን ለውጭም የያዘላቸው ዝግጅቶች ተራ በተራ ሲፈለጉ የሚከፈቱ አሉ። ነፃ አካውንት ክፈቺና ዝግጅቱን በስሙ ፈልጊ፣ በቻናሉ አትሂጂ። ከጣሊያን ስቱዲዮ የወጣው የመከፈት ዕድሉ ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ ተገዝቶ ከመጣው ይበልጣል።

ስለ አውሮፓ ኅብረት ሕግ የተሳሳተ ወሬ ስላለ፦ ከሚያዝያ 1 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ደንብ የሚመለከተው ለአጭር ጊዜ የሚጓዝን ሰው ነው። ጣሊያን እየኖርሽ የከፈልሽበትን አገልግሎት ለዕረፍት ጀርመን መጥተሽ ማየት ትችያለሽ። ኑሮሽን ካዛወርሽ ግን አይሸፍንሽም፣ ነፃ አገልግሎቶችም በደንቡ ለመግባት አይገደዱም። ያለሽበትን አገር የሚደብቀው ቪፒኤንም የአገልግሎቶቹን ውል ይጥሳል፣ እነሱም እየለዩ ይዘጉታል። ልጅ በየቀኑ የሚያየው ነገር እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ሊቆም አይገባም።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን በትክክል እናስተካክል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ተመራጭ የድምፅ ቋንቋ የሚለውን ጣሊያንኛ ያደርገዋል፣ ካርቱኑ ግን በጀርመንኛ ይቀጥላል። ያ ሴቲንግ የሚሠራው ለአንቴናና ለዲሽ ቻናል ነው፣ አፖቹን አያዛቸውም። እያንዳንዱ አፕ የራሱ አለው።

ኔትፍሊክስ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ያለሽበትን አገርና የፕሮፋይሉን ቋንቋ አይቶ የመረጣቸውን ጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ነው። ጣሊያንኛው እያለ ላይታይሽ ይችላል። በኮምፒውተር ግቢ፣ ለልጆቹ አዲስ ፕሮፋይል ክፈቺ፣ የፕሮፋይሉን ቋንቋ ጣሊያንኛ አድርጊ፣ ከሥሩ የፊልምና የድራማ ቋንቋዎች በሚለው ላይም ጣሊያንኛን ምረጪ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ከአፑ ውጪና እንደገና ግቢ፣ አለዚያ አሮጌው ዝርዝር አይለቅም። ኔትፍሊክስ ራሱ ያሠራቸው ላይ ጣሊያንኛው ወዲያው ይመጣል። ለጀርመን ገበያ ብቻ የገዛቸው ላይ ምንም ብታደርጊ አይመጣም፣ ፋይሉ ውስጥ የለም።

ለእናንተ ዕድሜ ዲዝኒ ፕላስ ይሻላል ባይ ነኝ። አብዛኛው የራሱ ካርቱን የትም አገር ሆነሽ ጣሊያንኛ ድምፅ አለው። እዚያም ለጣሊያንኛ የተለየ ፕሮፋይል ክፈቺ። የመጨረሻውን የድምፅ ምርጫ የሚያስታውሰው በፕሮፋይል ነው፤ አንዱን ፕሮፋይል ለሁለት ቋንቋ ከተጠቀማችሁበት በየቀኑ ሪሞት ላይ ክርክር ነው።

ዩቲዩብ ብዙ አለው፣ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በጣሊያንኛ የጀመረ ተከታታይ ብዙ ሳይቆይ ወደ ጀርመንኛ ወይም ቃል ወደሌለው የጩኸት ቪዲዮ ይሄዳል፣ የሚቀጥለውን የሚመርጠው አፑ ስለሆነ። መፍትሔው ዩቲዩብ ኪድስ ውስጥ የወላጅ ሴቲንግ ገብቶ «የተፈቀደ ብቻ» የሚለውን ማብራት ነው። ያን ጊዜ ልጁ የሚያየው አንቺ አንድ በአንድ የመረጥሻቸውን ቻናሎችና ቪዲዮዎች ብቻ ነው፣ መፈለጊያውም ይጠፋል። ዋናው ዩቲዩብ ላይ ደግሞ አሁን ማሽን የሚተረጉመው ድምፅ መጥቷል። የጣሊያንኛ ቪዲዮ ከፍተሽ በጀርመንኛ ከተናገረ፣ ጥርስ ያለውን ክብ የሴቲንግ ምልክት ነክተሽ የድምፅ ትራክ የሚለው ውስጥ ዋናውን ምረጪ። በተቃራኒው ደግሞ ከእንግሊዝኛ በማሽን ወደ ጣሊያንኛ የተመለሰውን ለልጅ አትስጪ። ዜማው የሰው ዜማ አይደለም፣ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀዳው ዜማውን ነው።

መምህርት አስቴር

ቴክኒኩን ወንድሞች ጨርሰውታል፣ እኔ ወደ ይዘቱ ልግባ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና፦ አይሆንም፣ አማርኛውን ትታችሁ ጣሊያንኛ አትጀምሩ። እናትና አባት ልጅን የሚቆጡበት፣ የሚያባብሉበትና ተረት የሚነግሩበት ቋንቋ ነው ጠልቆ የሚገባው። ጣሊያንኛውን ቴሌቪዥኑ፣ ኮርሱና የቦሎኛ ጓደኞች ይሸከሙት። አማርኛውን ከእናንተ በቀር የሚሸከም የለም።

ቴሌቪዥን ምን ያህል ያስተምራል ለሚለው አንድ የታወቀ ጥናት አለ። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ሲያትል ውስጥ የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናትን በ12 ክፍለ ጊዜ ማንዳሪን አሰሟቸው። ሰው ፊት ለፊት ሆኖ ያነበበላቸውና ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ያንኑ በቪዲዮ ያዩት ምንም አልያዙም። የአንቺ ልጆች ትልልቅ ስለሆኑና መሠረት ስላላቸው ከቪዲዮም ይማራሉ፣ ግን ከጎናቸው ሰው ሲኖር ውጤቱ ሌላ ነው። ያ ሰው ጣሊያንኛ ማውራት የለበትም። ዝግጅቱን፣ ለምሳሌ ፒምፓ የተባለችውን ካርቱን፣ በጣሊያንኛ ያያሉ፣ አንቺ በአማርኛ ትጠይቂያለሽ፦ «ፒምፓ ምን አለችው? ለምን ተናደደ?» ልጁ ሰምቶት በአማርኛ ሲመልስልሽ ሁለቱም ቋንቋ ሠራ ማለት ነው።

ለ4 ዓመቷ ከፒምፓ ጀምሩ። አልታን የሚባለው ሠዓሊ በ1975 የፈጠራት ቀይ ነጠብጣብ ያላት ነጭ ውሻ ናት፣ የመጀመሪያው የካርቱን ዙር በ1982፣ ሁለተኛው በ1997 ወጣ። አንዱ ክፍል 5 ደቂቃ ግድም ነው። ፒምፓ ከቤት ትወጣለች፣ ከዛፉም ከባቡሩም ከደመናውም ጋር ታወራለች፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሳ ለአሳዳጊዋ ለአርማንዶ የሆነውን ትነግረዋለች። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ ልጅቷ አንዱን ታሪክ ሁለት ጊዜ ትሰማለች፣ መጀመሪያ ሲሆን፣ ቀጥሎ በኃላፊ ጊዜ ሲነገር። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ቶሎ የሚያጡት ኃላፊ ጊዜን ነው፤ ግሡን ያውቁታል፣ በጣሊያንኛ «ሄድኩ» እና «በላሁ» ሲሉ ግን ረዳት ግሡን ያምታቱታል። ፒምፓ ሳታስተምር ታስተምረዋለች።

ቀጥሎ ላልቤሮ አዙሮ። ከ1990 ጀምሮ ከቱሪን ስቱዲዮ የሚወጣ የራይ ዝግጅት ነው፣ ዶዶ የሚባል የአሻንጉሊት ወፍና ሰው አቅራቢዎች አሉት። እኔ ከካርቱን አስበልጬ የማየው አቅራቢው ካሜራውን እያየ ስለሚናገር ነው፤ ልጅ አፉ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ታያለች። የእጅ ሥራ ያለበትን ክፍል ስታገኙ ወረቀት፣ መቀስና ሙጫ አስቀድማችሁ ጠረጴዛ ላይ አዘጋጁ። «ቁረጪ፣ እጠፊ፣ ለጥፊ» የሚለውን ትእዛዝ ሰምታ በእጇ ስትሠራው ቃሉ አይጠፋትም።

የቦሎኛ ልጆች ስለሆኑ ዜኪኖ ዶሮን አትርሱ። በ1959 የተጀመረ የልጆች የዘፈን ውድድር ነው፣ ከ1961 ጀምሮ ቤቱ የቦሎኛው አንቶኒያኖ ነው፤ መዘምራኑን በ1963 የመሠረተችው ማሪየሌ ቬንትሬ ናት። ዘፈኖቹ ዩቲዩብ ላይ በሕጋዊ ቻናላቸው አሉ፣ ግጥሙ ከሥር የሚጻፍባቸውም አሉ። ፈጣን ከሆነባት ፍጥነቱን 0.75 አድርጉት። ከእነዚሁ ዘፈኖች የተነሳ ኳራንታኳትሮ ጋቲ የሚባል ካርቱን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አለ፣ ባንድ ያቋቋሙ ድመቶች ናቸው፣ ክፍሉ 13 ደቂቃ ግድም ነው፣ 5 ዓመት ሲሞላት ይስማማታል።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለ4 ዓመት ልጅ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢቀንስ ይሻላል ይላል። ለቋንቋ ደግሞ አንድን ክፍል ሳምንቱን በሙሉ ደጋግሞ ማየት በየቀኑ አዲስ ከመክፈት ይበልጣል። ሰኞ ታሪኩን ታያለች፣ ረቡዕ ቃላቱን ትሰማለች፣ ዓርብ ቀድማ ትናገራለች። ወላጅ ሰለቸኝ ብሎ የሚቀይረው ልክ መናገር በምትጀምርበት ቀን ነው።

የ8 ዓመቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ለሕፃን የተሠራ ነገር ከሰጣችሁት ጣሊያንኛን የሕፃን ቋንቋ አድርጎ ይተወዋል። በጀርመንኛ አይቶ የወደደውን ፊልም በጣሊያንኛ ይየው፤ ታሪኩን ስለሚያውቅ ጆሮው ለቃሉ ነፃ ነው። የግርጌ ጽሑፉም በጣሊያንኛ ይሁን፣ በጀርመንኛ ከሆነ ዓይኑ እዚያ ይሄድና ጆሮው ይዘጋል። ጀርመንኛ ማንበብ የለመደ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ኪ» የሚለውን «ሂ»፣ «ቺ» የሚለውን «ጺ» ብሎ ያነባል፤ አትቆጡት፣ ድምፁንና ጽሑፉን አንድ ላይ ሲያገኝ ራሱ ያስተካክለዋል። የጣሊያን ቻናል በዲሽ የሚገባላችሁ ከሆነም የቴሌቴክስት ገጽ 777 የግርጌ ጽሑፍ ያወጣል።

ቶሮንቶ ነዋሪ

ካናዳ ላላችሁ አንባቢዎች ባጭሩ፦ እዚህ የጣሊያን ማኅበረሰብ ትልቅ ስለሆነ በኬብል ይገኛል። ቲኤልኤን ከ1984 ጀምሮ ያለ ጣቢያ ነው፣ ይኸው ድርጅት ቴሌቢምቢ የሚባል ለልጆች የተለየ የጣሊያንኛ ቻናል አለው። ራይም ለብቻው ይገባል፣ ግን በቀላሉ አልመጣም፤ በ2003 ራይ ከቲኤልኤን ጋር የነበረውን ውል አቁሞ በራሱ ልግባ ሲል የካናዳ የሥርጭት ተቆጣጣሪ በ2004 ከለከለው፣ ማኅበረሰቡ ብዙ ከጮኸ በኋላ በ2005 ተፈቀደ። ከመመዝገባችሁ በፊት የኬብል ድርጅታችሁን ቻናሉ ለብቻው ይሸጣል ወይስ ከጣሊያንኛው ጥቅል ጋር ብቻ ብላችሁ ጠይቁ።

ከጣሊያን ዲቪዲ ለምታስመጡ፦ የጣሊያን ዲስክ ሪጅን 2 ነው። ጀርመን ውስጥ ይሠራል፣ ካናዳና አሜሪካ የተገዛ ማጫወቻ ግን ሪጅን 1 ስለሆነ አይቀበለውም። ጀርመን የተገዛ ዲስክ ላይም ጣሊያንኛ አለ ብላችሁ አትገምቱ፣ ጀርባው ላይ የድምፅ ቋንቋ የሚለውን አንብቡ። በግርጌ ጽሑፍ ብቻ የተጠቀሰ ድምፅ አይሰጥም።

ሶስና ዘፍራንክፈርት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የዲዝኒው ፕሮፋይል ተከፍቷል፣ ትንሿ ተስማምታለች። ትልቁ ግን ዞር ስል ወደ ጀርመንኛው ፕሮፋይል ይመልሰዋል። የፒን ቁጥር ላድርግበት?

ኃይሌ ዘሚላኖ

ፒኑን የጀርመንኛው ፕሮፋይል ላይ ማድረግ ትችያለሽ፣ ከአካውንቱ ሴቲንግ በፕሮፋይሉ ስም ገብተሽ ባለ 4 አኃዝ ነው። ግን ሁልጊዜ አትቆልፊው። የተወሰነ ሰዓት የጣሊያንኛ ይሁን፣ ለምሳሌ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ በቀረው ጊዜ የፈለገውን ይይ። ሁልጊዜ ከተቆለፈበት የሚጠላው ጣሊያንኛውን ነው።

መምህርት አስቴር

የኃይሌን ሐሳብ እደግፋለሁ። ለትልቁ ከፒን በላይ የሚሠራ ነገር አለ፦ ቦሎኛ ያለ አንድ የክፍል ጓደኛው ቅዳሜ ያንኑ ክፍል ይይ፣ ከዚያ በቪዲዮ ይደዋወሉ። በመጀመሪያ የሚያወሩትን ስጧቸው፣ ማን ጥፋተኛ ነበር፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር የሚል ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ቀሪውን ራሳቸው ይወስዱታል።

ኮርስም ጠይቂለት። ጣሊያን በ1971 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 153 ውጭ ላሉ ሠራተኞች ልጆች የቋንቋና የባህል ትምህርት ትደግፋለች፣ ሥርዓቱ በ2017 በአዲስ ሕግ ተሻሽሏል። ፍራንክፈርት ያለው የጣሊያን ቆንስላ ጄኔራል የትምህርት ክፍል ስላለው በኢሜይል ጻፊለት። ልጁ ጣሊያን ውስጥ ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማረ፣ የምትኖሩበትን ሰፈርና ከሰዓት በኋላ ነፃ የሚሆንባቸውን ቀኖች ግለጪ። ልጆቹ የጣሊያን ዜግነት ባይኖራቸውም ጠይቂ፣ ቦታ ካለ ሌሎችን የሚቀበሉ ክፍሎች አሉ። የቦሎኛውን የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርድ ቅጂ አያይዢው፣ ያለሱ ከጀማሪዎች ጋር ሊመድቡት ይችላሉ።